ምስክርነታችን ለምን ሁልጊዜ ባለፈ ጊዜ ይነገራል? የቦንሆፈርን «የጋራ ሕይወት» ከድካማችን ጋር ማንበብ

ውድ አንባቢ፣ ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያንዎ የሰሙትን ምስክርነት እስቲ ያስታውሱ። ይዘቱን ለጊዜው ይተዉትና ግሶቹን ብቻ ይመልከቱ። «ታምሜ ነበር፤ ጌታ ፈወሰኝ። ተጨንቄ ነበር፤ ጌታ ደረሰልኝ። ወድቄ ነበር፤ ጌታ አነሣኝ።» ጉባኤው «አሜን» ይላል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ መስካሪውም ከመድረክ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ምስክርነት እውነተኛ ነው፤ የመዝሙር መጽሐፍም በእንዲህ ዓይነቱ ምስጋና የተሞላ ነው። ነገር ግን በጉባኤ ፊት ቆሞ «አሁን ታምሜአለሁ፤ ዛሬ መጸለይ አቅቶኛል» ያለ ሰው የሰሙት መቼ ነው? የመዝሙር መጽሐፍ እኮ በዚህም የተሞላ ነው። እኛ ግማሹን ወርሰን ግማሹን ትተናል።

በዚህ ጽሑፍ ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ ከተናገሩት መጻሕፍት አንዱን፣ የዲትሪሕ ቦንሆፈርን «የጋራ ሕይወት» እንመረምራለን። የጽሑፉ ሐሳብ አጭር ነው። ድካምን ማመን ፈውስ የሚሆነው፣ ድካሙ ገና ሳያልፍ፣ የራሱን ድካም ላመነ ወንድም ወይም እኅት ሲነገር ነው። ቦንሆፈር ስለ ሰሚው ወንድም በሚገባ አስተምሮናል። ስለ ድካም ራሱ ግን መጽሐፉ ጉድለት አለበት፤ ይህ ጉድለት ደግሞ በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ዐውድ ሰው የሚጎዳ ጉድለት ነው።

መጽሐፉና የተወለደበት ቤት

ቤተ ክርስቲያን በናዚ መንግሥት ቁጥጥር ሥር መውደቅ የለባትም ብለው የተነሡ የጀርመን ወንጌላውያን፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ለወጣት አገልጋዮቻቸው የስብከት ሴሚናሪ ከፈቱ። ኃላፊነቱንም ለ29 ዓመቱ ቦንሆፈር ሰጡት። ትምህርቱ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በዚንግስት ተጀምሮ፣ ብዙም ሳይቆይ ዛሬ በፖላንድ ወዳለችው ወደ ሽቴቲን ከተማ አጠገብ፣ ፊንከንቫልደ ወደሚባል ስፍራ ተዛወረ። በ1937 የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ ቤቱን ዘጋው። ቦንሆፈር በዚያ አብረው የኖሩትን ኑሮ በ1938 በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጻፈው፤ መጽሐፉም በ1939 ታተመ። አምስት ምዕራፎች ሲኖሩት፣ የመጨረሻው ስለ ኑዛዜና ስለ ጌታ እራት ነው።

ከዚህ ምዕራፍ በስተጀርባ አንድ ታሪክ አለ። የቦንሆፈር ወዳጅና የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ የሆነው ኤበርሃርድ ቤትገ እንደሚተርከው፣ ቦንሆፈር ተማሪዎቹን ወደ ጌታ እራት ከመቅረባቸው በፊት እርስ በርስ እንዲናዘዙ በጠየቃቸው ጊዜ ነገሩ እንግዳ ሆነባቸው፤ ደስም አላላቸውም። ከዕለታት አንድ ቀን ግን መምህሩ ራሱ ከወንድሞች አንዱን፣ በእንዲህ ያለ አገልግሎት ምንም ልምድ የሌለውን፣ «ኑዛዜዬን ስማኝ» ብሎ ጠየቀው። ልምምዱ በመካከላቸው ሥር የሰደደው ከዚያ በኋላ ነው። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ይህን ታሪክ በልቡ ቢይዝ መልካም ነው። በገጾቹ ላይ ያለው ሥልጣን የመጣው መምህሩ አስቀድሞ ከተማሪው ፊት በመቀመጡ ነውና።

የመጽሐፉ ጉልበት

የቦንሆፈር ክርክር እንዲህ ነው። ምእመናን አብረው ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ፣ ያገለግላሉ፤ እንዲያም ሆኖ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሊሆኑ ይችላሉ። እንደ አማኞች ይተዋወቃሉ፤ እንደ ኃጢአተኞች ግን አይተዋወቁም። በመካከላቸው አንድ እውነተኛ ኃጢአተኛ ቢገለጥ ሁሉም ይደነግጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ይሸሽጋል። ኃጢአት ደግሞ ሰውን ከኅብረት ለይቶ ብቻውን ማስቀረት ይወዳል፤ ሰውየው ብቻውን በሆነ መጠን ያ ነገር ይበረታበታል። ለወንድም ሲነገር ግን የተሸሸገው ወደ ብርሃን ይወጣል፤ ኃይሉም ይሰበራል።

«ለእግዚአብሔር በቀጥታ መናዘዝ አይበቃምን?» ለሚለው የኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያስፈራው ክፍል ነው። ቅዱስ ለሆነው አምላክ መናዘዝ፣ እንደ እኛ ኃጢአተኛ ለሆነ ሰው ከመናዘዝ እንዴት ቀለለን? ምናልባት ስንናዘዝ የኖርነው ለራሳችን፣ ይቅር ስንል የኖርነውም ራሳችንን ይሆን? ይህን ጥያቄ ያለ መልስ የሚያልፍ አገልጋይ መጽሐፉን ገና አላነበበውም።

ለእኛ ለኢትዮጵያ ወንጌላውያን ጥያቄው የራሱ ታሪክ አለው። ከቀደምት ምእመኖቻችን አያሌዎቹ የመጡት እያንዳንዱ ቤተሰብ የንስሐ አባት ካለው ወግ ነው። በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ ክርስቶስ ኢየሱስ ብቻ መሆኑን (1ኛ ጢሞ. 2፥5) በማስተማራችን ትክክል ነን። ይሁን እንጂ የንስሐ አባትን ስንተው፣ ቤታችን ድረስ መጥቶ የሚቀመጠውን፣ ገበናችንን የሚሰማውን ጆሮም አብረን ተውን። በምትኩ ያስቀመጥነው ማይክሮፎን ነው። ማይክሮፎን ደግሞ ያለቀ ታሪክ እንጂ ያላለቀ ታሪክ አይወድም።

መጽሐፉ የማያየው ነገር

እስከዚህ ድረስ ከቦንሆፈር ጋር ነኝ። ሆኖም በዚያ የመጨረሻ ምዕራፍ የሚናዘዘው ሰው ሁልጊዜ የበደለ ሰው ነው። ያልበደለው፣ ነገር ግን የታመመው፣ ያዘነው፣ እንቅልፍ ያጣው፣ የደከመውስ ወዴት ይሂድ? በፊንከንቫልደ ይህ ጥያቄ ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችል ነበር። ሕመም ሁሉ የተሸሸገ ኃጢአት ወይም የእምነት ማነስ ምልክት ነው ተብሎ በሚታሰብበት ጉባኤ ግን ያንን ምዕራፍ ብቻውን ማስተማር አደገኛ ነው። ይህን የምለው ከራሴ ተነሥቼ ነው።

የሚጥል በሽታ የያዘኝ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ለዓመታት ጠዋትና ማታ ክኒን ስወስድ ኖሬ፣ በአንድ የወጣቶች ጉባኤ ከተጸለየልኝ በኋላ መድረክ ላይ ወጥቼ «ተፈውሻለሁ» ብዬ መሰከርሁ። ውሸት አልነበረም፤ ያኔ እንደዚያ አምኜ ነበር። ክኒኑን ጣል ያለኝ ሰው የለም፤ ምስክርነቱ ራሱ አዘዘኝ። ከአራት ወር በኋላ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በተከራየሁት ክፍል ወለል ላይ ምላሴን ነክሼ ነቃሁ። በዚያው ሳምንት እሑድ አምልኮ መራሁ። በቆሰለ ምላስ ስለ ፈውስ ዘመርሁ።

ለሁለት ዓመት ገደማ ለማንም አልተናገርሁም። የእግዚአብሔርን ስም አሰድባለሁ ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ ወደ አንድ ሽማግሌ ሄጄ ተናዘዝሁ፤ የተናዘዝሁት ግን ሕመሙን አልነበረም። በሽታውን ያመጣብኝ የትኛው ኃጢአት እንደ ሆነ ለማግኘት የኃጢአት ዝርዝር ይዤ ሄድሁ። ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ «ገና ያልተናገርኸው አለ» አሉኝ። ወደ ቤቴ ተመልሼ ሌላ ዝርዝር ጻፍሁ። ቦንሆፈር የሚናገርለት ኑዛዜ፣ ድካምንና ኃጢአትን በማይለይ ሰው እጅ ሲገባ እንዲህ ዓይነት ምርመራ ይሆናል።

ፈውሴ የጀመረው በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ማደሪያ ነው። አንድ ሌሊት በሽታው ሲጥለኝ አብሮኝ የሚያድረው ወንድም አየኝ። ስነቃ በጎኔ አስተኝቶኝ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አልጮኸም፤ መንፈስም አልገሠጸም። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እኔም ሌሊት እንቅልፍ ካጣሁ ዓመት ሆነኝ፤ ለማንም አልተናገርሁም» አለኝ። ሲነጋ አብሮኝ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። በሽታው አሁንም አብሮኝ አለ፤ ክኒኑንም ዛሬ ጠዋት ወስጃለሁ። ይህን ዐረፍተ ነገር በአሁን ጊዜ ግስ መጻፍ እንድችል ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ምሳሌው ለሐኪም ቤት እንደሚሠራ ሁሉ ለነፍስም ይሠራል። እኔ ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሸሽጌ ነበር፤ ሕመሜን ከሐኪም፣ ፍርሃቴን ከወንድሞች።

አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

መጽሐፉ የማያየውን ነገር አዲስ ኪዳን አንድ ቃል ውስጥ አስቀምጦልናል። ግሪኩ «አስቴኔያ» የሚለው ቃል ድካምም ሕመምም ማለት ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን እንደየዐውዱ አንዴ «ድካም» ሌላ ጊዜ «በሽታ» ወይም «መታመም» እያለ ስለሚተረጉመው፣ አንባቢ የአንድ ቃል ቤተሰብ መሆናቸውን ላያስተውል ይችላል። ትርጉሙ ትክክል ነው፤ ዝምድናው ግን መታወቅ አለበት።

ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሲናገር የሚመካበት «ድካም» ይህ ነው (2ኛ ቆሮ. 12፥9)። ወንጌልን ለገላትያ ሰዎች በመጀመሪያ የሰበከው በሥጋ ድካም ምክንያት ነው (ገላ. 4፥13)። ጢሞቴዎስ ስለ ሆዱና ስለ ደጋገመው በሽታ ምክር ሲሰጠው ቃሉ ያው ነው (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተወው ሲልም የቃሉ ግስ ነው (2ኛ ጢሞ. 4፥20)። ያዕቆብ የታመመ ሰው ሽማግሌዎችን ይጥራ ሲል የሚጀምረው በዚሁ ግስ ነው (5፥14)። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «የተናዘዝኸው ጎድሏል» አላለውም፤ በጊዜው እንደ መድኃኒት የሚታወቀውን ወይን በጥቂቱ እንዲጠጣ መከረው። ጥሮፊሞስንም ኃጢአቱን ፈልግ አላለውም።

ያዕቆብ 5ም በጥንቃቄ ሲነበብ ሁለቱን ይለያል። የታመመው ይጸለይለታል፤ ኃጢአት ሠርቶም ከሆነ ይሰረይለታል። ያ «ከሆነ» የሚለው ቃል የብዙ ሕሙማንን ሸክም ሊያቀልል ይችላል። ከዚያ በኋላ ነው እርስ በርስ ስለ መናዘዝና እርስ በርስ ስለ መጸለይ የሚናገረው፤ ይህም ለሽማግሌዎች ብቻ የተሰጠ ሥራ አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር ያስተውሉ። በ2ኛ ቆሮንቶስ 12 ጳውሎስ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ያየውን ራእይ የሚተርከው በሦስተኛ መደብ ነው፤ አንድ ሰው አውቃለሁ እያለ ራሱን ይሰውራል። ድካሙን ሲናገር ግን «እኔ» ይላል፤ ግሱም የአሁን ጊዜ ነው። መውጊያው እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተወገደም፤ ይህንንም የእርሱን ደካማነት ሲንቁ ለነበሩት ለቆሮንቶስ ሰዎች ጻፈላቸው። እኛ ተቃራኒውን እናደርጋለን። ራእያችንን በ«እኔ» እንናገራለን፤ ስለ ድካም ስንናገር ግን «አንዳንድ ሰዎች አሉ» እንላለን።

ከእስር ቤት የመጣው ማሟያ

ለቦንሆፈር ፍትሐዊ ለመሆን፣ በ«የጋራ ሕይወት» የጎደለውን በኋላ በሌላ ስፍራ እንዳገኘው መናገር ይገባል። በሚያዝያ 1943 ታስሮ በርሊን ወደሚገኘው ቴገል እስር ቤት ገባ። በ1944 በጋ ለቤትገ በላከው «እኔ ማን ነኝ?» በተሰኘው ግጥሙ፣ ጠባቂዎቹ የሚያዩት የተረጋጋ ሰውና እርሱ ብቻ የሚያውቀው የታወከ ሰው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ይህን ሲጽፍ እንደ ዛሬ ስለተፈታ ችግር እየተናገረ አልነበረም። ሚያዝያ 9 ቀን 1945 እስከ ተሰቀለ ድረስ ከእስር አልወጣም።

በዚያው በጋ በጻፈው ደብዳቤ ማቴዎስ 8፥17ን ያነሣል። ክርስቶስ የሚረዳን በሁሉን ቻይነቱ ሳይሆን በድካሙና በመከራው እንደ ሆነ ክፍሉ ያሳያል ይላል። ጥቅሱ በፈውስ ጉባኤዎቻችን አዘውትሮ የሚጠቀስ ጥቅስ ነው፤ በውስጡ ያለው «ድካም»ም ያው «አስቴኔያ» ነው። እዚህ ላይ ግን ቦንሆፈርን መተቸት ያስፈልጋል። ማቴዎስ ይህን የነቢዩን ቃል የሚያመጣው ጌታ የጴጥሮስን አማት ከፈወሰና ብዙ ሕሙማንን ካዳነ በኋላ ነው። ስለዚህ ኃይልን ከክፍሉ ማውጣት አይቻልም። በአንጻሩ የእኛ ሰባኪዎችም የሚፈውሰው ራሱ የተሸከመ መሆኑን ከክፍሉ ያወጣሉ። ጌታ ዛሬም ይፈውሳል፤ ለፈውስ መጸለይንም ልንተው አይገባም። የተሸከመልን ድካም ግን እኛ ልናፍርበት የሚገባ ነገር ሊሆን አይችልም።

በአገራችን ቦንሆፈርን በ1979 ከተገደሉት ከቄስ ጉዲና ቱምሳ ጋር አያይዞ ማንሣት የተለመደ ነው፤ ንጽጽሩም ምክንያት አለው። በደርግ ዘመን በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ተሰብስበው እምነታቸውን የጠበቁ ወገኖች ልጆችም ነን። ከሰማዕታት የወረስነው ጽናት ትልቅ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ልጆቻችን የሰሙት ጽናቱን ብቻ ከሆነ፣ ሲፈሩ የሚሄዱበት ያጣሉ።

ማን ይስማ?

«ድካማችሁን ተናገሩ» ብሎ መስበክ ቀላል ነው። ለማን? አንድ ዲያቆን ለመሪው የነገረው ነገር በሳምንቱ በስብከት ምሳሌ ሆኖ ሲወጣ፣ አንዲት እኅት «ጸልዩልኝ» ያለችው ነገር የጸሎት ርእስ በሚል ሽፋን ሐሜት ሲሆን አይተናል። ድካም ለነገረው ሰው የሚሰጠው መልስ ከአገልግሎት መታገድ ብቻ ከሆነ፣ ቀጣዩ ሰው ዝም ይላል። ፊንከንቫልደ በዕድሜና በደረጃ የተቀራረቡ ወጣት ወንዶች ቤት ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ የደመወዝ፣ የሥልጣን፣ የጾታና የሐሜት ጉዳይ ኑዛዜን እንዴት እንደሚያበላሹት እምብዛም አያሳስበውም።

ሁለት መከላከያ ግን ትቶልናል። አንደኛው፣ ራሱ የማይናዘዝ ሰው የሌላውን ኑዛዜ አይስማ የሚለው ነው። የዕብራውያን መልእክትም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ሊቀ ካህናቱ ለሚስቱት ሊራራላቸው የሚችለው እርሱ ራሱ ድካምን ስለ ለበሰ ነው (5፥2)። ሁለተኛው፣ ኑዛዜ ሕግ ሆኖ በማንም ላይ እንዳይጫን፣ መንፈሳዊነት ማሳያም እንዳይሆን የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። እኔ ሦስተኛ እጨምራለሁ። የሚሰማው ሰው በሚናገረው ሰው እንጀራ ላይ ሥልጣን የሌለው ቢሆን ይመረጣል። የሰማውንም ገበና ይሸፍን፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ግን ለብቻው አይያዘው፤ ከሚናገረው ሰው ጋር ሆኖ ወደሚረዳ ሰው ይሂድ።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት መጋቢ ወይም ሽማግሌ ከሆኑ፣ የሚቀጥለውን የምስክርነት ፕሮግራም ሲያዘጋጁ አንድ ነገር ይሞክሩ። ገና መልስ ላላገኘ ሰው ቦታ ይስጡ። ሲጨርስ ለማሳረጊያ «ጌታ ሠርቶታል» ብለው አይጨምሩለት፤ አብረውት ይጸልዩ፤ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ በግልጽ ይንገሩት። ከዚያ በፊት ግን ቦንሆፈር ያደረገውን ያድርጉ፤ አስቀድመው እርስዎ ከአንድ ሰው ፊት ይቀመጡ።

በቋንቋችን ጥፋቱን ወይም ያለበትን ሁኔታ ያልካደ ሰው «አመነ» ይባላል። በእግዚአብሔር የታመነም «አመነ» ይባላል። ሁለቱ ቃላት አንድ የሆኑት በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ በሕይወት ግን እንዲለያዩ ልንፈቅድ አይገባም። ውድ አንባቢ፣ እርስዎስ ለሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» እያሉ ያለፉት ነገር ምንድን ነው? በዚህ ሳምንት ለአንድ ታማኝ ሰው፣ በአሁን ጊዜ ግስ ይንገሩት።